ያለ ጊዜው የመጣ የፀደይ ሙቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጃኬቱ ገና ከበር ኋላ አልወረደም። ብርድ ልብሱም አልታጠፈም። ቴርሞሜትሩ ግን በበጋ እኩሌታ የምናየውን ቁጥር ያሳያል። በእንዲህ ያለ ሳምንት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ነውና ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ቃሉ እንዳያደናግር ያህል፣ "በጋ" ስል አራት ወቅት ባላቸው አገሮች የዓመቱን ሞቃታማ ወራት ማለቴ ነው። "ፀደይ" ደግሞ ከብርዱ ወጥተን ወደዚያ የምንሻገርበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ የሙቀት ማዕበል ነው ወይስ ዝም ብሎ ሞቃት ቀን?

ለመላው ዓለም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። በብሪታንያ የሙቀት ማዕበል ለመባል የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ ሦስት ቀን በተከታታይ ለአካባቢው የተቀመጠውን ወሰን መንካት አለበት። ወሰኑ እንደየአካባቢው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በህንድ ሜዳማ አካባቢዎች ግን መጀመሪያ 40 ዲግሪ መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ከመደበኛው ቢያንስ በ4.5 ዲግሪ መብለጥ ይጠበቅበታል። አንዱ ጋ ማስጠንቀቂያ የሚያስወጣው ሙቀት ሌላው ጋ ደስ የሚል ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ በፀደይ "ስንት ዲግሪ ነው?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። "በዚህ ሳምንት ከለመድነው በስንት ይበልጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የትንበያ ገጾች ከቀኑ ቁጥር አጠገብ "መደበኛ" ወይም "አማካይ" የሚል ሌላ ቁጥር ያስቀምጣሉ። እሱ የ30 ዓመት አማካይ ነው። አሁን በብዛት የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ልዩነቱ 8 ወይም 10 ዲግሪ ከሆነ፣ ቁጥሩ ራሱ 28 ብቻ ቢሆንም ነገሩን በቁም ነገር ያዙት።

ገና ፀደይ አይደለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ?

ፀሐይዋ እኛ ከምናስበው ቀድማ ነው የምትበረታው። በሰሜኑ የምድር ክፍል የኤፕሪል መጨረሻ ፀሐይ ከኦገስት አጋማሽዋ ፀሐይ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነች። ወደ ኋላ የሚቀረው አየሩ ነው። መሬትና ባሕር ከብርዱ ወራት ተላቀው እስኪሞቁ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ማለትም ኃይሉ ከላይ እየወረደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደመናው፣ እርጥቡ አፈርና ቀዝቃዛው ነፋስ ስለሚጋሩት አይታወቀንም።

አንድ ሰፊ የከፍተኛ የአየር ግፊት አካባቢ መጥቶ ከላያችን ሲቀመጥ ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል። በከፍተኛ ግፊት ሥር አየር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፓምፑ እንደሚግለው ማለት ነው። ደረቅ አየር አንድ ኪሎ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ደመናውም አብሮ ይጠፋና ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ከልካይ መሬቱን ታገኘዋለች።

ይህ ግፊት አንዳንዴ ለቀናት አልነቃነቅ ይላል። ምክንያቱ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ጥምዝምዙ ሲበዛና ሲቆም ከሥሩ ያለው አየርም ታስሮ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ አፈሩን ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን የፀሐይዋ ጉልበት ከፊሉ ውኃውን ለማትነን ይውላል። ዛፎችም ቅጠል ካወጡ ውኃ እያተነኑ አካባቢውን ያቀዘቅዛሉ። ያለፉት የብርድ ወራት ዝናብ ወይም በረዶ ከነፈጉን፣ ዛፎቹም ገና እርቃናቸውን ካሉ ግን ያ ጉልበት ሁሉ የሚሄደው አየሩን ወደማሞቅ ነው።

ቁጥሩ ያን ያህል አይደለም። በበጋ ከዚህ የባሰ እናይ የለ? ለምን ያስፈራሩናል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ልክ ይመስላል፤ ግን ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ይኸው አስተሳሰብ ነው።

ሰውነት ሙቀትን ይለማመዳል፤ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የደሙ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል። ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ በብዛትም ይወጣል። በላብ የምናጣው ጨው ይቀንሳል። ልብም ለተመሳሳይ ሥራ የሚመታው በዝግታ ይሆናል። በበጋ አጋማሽ 32 ዲግሪ የሚያገኘው የተዘጋጀ ሰውነት ነው። በፀደይ ያው 32 ዲግሪ የሚያገኘው ግን ትናንት ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰውነት ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው የ2012ቱ የቦስተን ማራቶን ነው። በኤፕሪል አጋማሽ ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪን አለፈ። አዘጋጆቹ አስቀድመው ሯጮችን "ከፈለጋችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍላችሁ" እስከማለት ደርሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ ከ2,000 በላይ ሯጮች የሕክምና እርዳታ አስፈልጓቸዋል። እነዚህ ወራት ሙሉ የተዘጋጁ ስፖርተኞች ናቸው። ዝግጅታቸው ግን በብርድ ነበር።

ቤቶቻችንም እንደ ሰውነታችን ናቸው። መጋረጃው ስስ ነው። ፋኑ ዕቃ ቤት ነው። ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ያለውም ገና አላስፈተሸውም። ትምህርት ቤት ክፍት ነው፤ የግንባታ ሥራ ተጧጡፏል፤ የቅዳሜ ኳስም እኩለ ቀን ላይ ነው። ማንም ፕሮግራሙን በሙቀት አላወጣም።

የ2021ዱን የምዕራብ ካናዳ ሙቀትም ማንሳት አለብኝ። የመጣው በጁን መጨረሻ፣ በጋው ገና ሲጀምር ነው። ሊተን የምትባለው መንደር 49.6 ዲግሪ አስመዘገበች። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት 619 ሰዎች በሙቀቱ ምክንያት ሞቱ። የግዛቱ የአስከሬን ምርመራ መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ዘገባ ከሟቾቹ 98 በመቶ የሚሆኑት ጉዳት የደረሰባቸው ቤት ውስጥ ነው። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ሜዳ ላይ ፀሐይ የመታቸው አይደሉም። በራቸውን ዘግተው "ያልፋል" ብለው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሳምንት ከምታደርጉት ሁሉ፣ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰው በር ሁለቴ ማንኳኳትን የሚያህል የለም። አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ። ስልክ ብቻ አይበቃም፤ ሙቀት ያዳከመው ሰው በስልክ "ደህና ነኝ" ይላል።

ትንበያው 29 ይላል፤ የመኪናዬ ዳሽቦርድ 36 ይላል። የቱን ልመን?

ለማነጻጸር ትንበያውን። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ሙቀት የሚለኩት በጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያሳልፍ ነጭ ሳጥን፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የሣር ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። የመኪናው መለኪያ ግን ከጋለ አስፋልት ብዙም ሳይርቅ፣ ከሞተሩ አጠገብ ነው ያለው።

ግን አንድ ነገር አስቡበት። አስፋልቱ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው የጣቢያውን 29 አይደለም። በጋሪ የሚገፋ ሕፃን ደግሞ ለመሬቱ ከእናንተ ይቀርባል። ከተማ መሃል ያለ ሰውም ሌሊቱን ተጨማሪ ይከፍላል፤ ግንቡና መንገዱ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ይተፉታል።

ትንበያን ለስንት ቀን ማመን ይቻላል?

በግርድፉ የአምስት ቀን ትንበያ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል ልክ ይሆናል። የሰባት ቀን ከአሥር ስምንቱን ያህል። ከአሥር ቀን በላይ ከሄደ ግን ሳንቲም እንደመወርወር ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ስልካችሁ የ14ኛውን ቀን ሙቀት በዲግሪ ቆርጦ ሲነግራችሁ፣ ያንን እንደ ግምት እንጂ እንደ ቀጠሮ አትያዙት።

ደስ የሚለው ግን የሙቀት ማዕበል ከነጎድጓድ ዝናብ ይልቅ አስቀድሞ ይታያል። ነጎድጓድ አንዱን ሰፈር መትቶ ሌላውን ይዘላል። ከፍተኛ ግፊት ግን አገር የሚያክል ነገር ስለሆነ ኮምፒውተሮቹ ከሩቅ ያዩታል።

ትንበያ ባለሙያዎች አንድ ስሌት ብቻ አይሠሩም። ለምሳሌ የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀያየረ ከ50 በላይ ስሌቶችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። አብዛኞቹ አንድ ቦታ ከደረሱ መተማመኑ ከፍ ይላል። ከተበታተኑ ገና አልለየለትም ማለት ነው። አካባቢያችሁን የሚሸፍነው ገጽ ከአንድ ቁጥር ይልቅ "ከ27 እስከ 33" የሚል ክልል ካሳያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ያ ሐቀኛ ትንበያ ነው። እቅዳችሁን በላይኛው ቁጥር አውጡ።

"ከመደበኛው በላይ የመሞቅ ዕድሉ 45 በመቶ" ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ከግማሽ በታች አይደለም?

ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። የወርና የወቅት ትንበያ ነገሩን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ከመደበኛው በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛው በላይ። ምንም ፍንጭ በሌለበት ጊዜ የእያንዳንዱ ድርሻ 33 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 45 ሲሉ ሚዛኑ ወደ ሙቀት አጋድሏል ማለታቸው ነው። በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ግን አልነገሯችሁም። የትኛው ሳምንት እንደሆነም አይታወቅም። ለዛሬ ልብስ ምርጫ አይጠቅምም፤ "ኤሲውን አሁን ላስፈትሽ ወይስ ልቆይ?" ለሚለው ግን ይጠቅማል።

መቼ ነው የሚለቀን?

ትንበያው ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የአየር ግፊቱ መውረድ ሲጀምር፣ የነፋሱ አቅጣጫ ሲቀየር፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ ዝቅ ሲል። እኔ በተለይ ሦስተኛውን አያለሁ። ሰውነት የሚያገግመው ሌሊት ነው። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ አልወርድ ካለ ቀኑ በሁለት ዲግሪ ቢቀንስም ሰው እየደከመ ይሄዳል። በፀደይ አንድ እፎይታ አለን፤ ሌሊቱ ከበጋው ስለሚረዝም ቤቱ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል።

ብዙ ጊዜ ማዕበሉን የሚሰብረው ቀዝቃዛ አየር እየገፋ ሲመጣ ነው። በሰዓታት ውስጥ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ያ ለውጥ ደግሞ በዝምታ አይመጣም። ነጎድጓድ፣ ኃይለኛ ነፋስ፣ አንዳንዴም በረዶ ያዘለ ዝናብ ይዞ ነው። የመጨረሻው ሞቃት ቀን ማታ ከቤት ውጪ ዝግጅት ካላችሁ ዝናቡ የት እንዳለ የሚያሳየውን የራዳር ካርታ ሳታዩ አትውጡ።

ደረቁ ሙቀት ይሻላል ወይስ ወበቁ?

ወበቁ ይከፋል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው፤ አየሩ እርጥበት ከጠገበ አይተንም፣ ይንጠባጠባል እንጂ። ለረጅም ጊዜ የሰው ልጅ ሊቋቋም የሚችለው ጣሪያ፣ ሙቀትና እርጥበትን አንድ ላይ በሚለካው የእርጥብ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ነው ሲባል ቆይቷል። በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በእርጥብ አየር ወደ 31 ዲግሪ ዝቅ አድርጎታል። ደረቁ ሙቀት ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው፤ ላቡ ወዲያው ስለሚተን ምን ያህል ውኃ እንዳጣችሁ አይታወቃችሁም።

ኤሲ የለኝም። ቤቱን እንዴት ላቀዝቅዝ?

ፀሐይ ከመስታወቱ ከማለፏ በፊት አስቁሟት። ከውጪ የሚንጠለጠል ጨርቅ ከውስጥ መጋረጃ በብዙ ይበልጣል፤ መጋረጃው ሙቀቱን የሚይዘው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ውጪው ከውስጡ ሲሞቅ ዝጉ። ውጪው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ በሁለት ወገን ከፍታችሁ ነፋሱ ይለፍ። ፋን ጥሩ ነው፤ ግን የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ከደረሰ የዓለም ጤና ድርጅት አትጠቀሙበት ይላል። ከዚያ በኋላ የጋለ አየር እየነፋ ሰውነትን ያሞቃል። እርጥብ ፎጣ አንገት ላይና እጅን እስከ ክንድ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ርካሽ ግን ውጤታማ መላ ነው።

መድከምና አደገኛ ሁኔታን በምን እለያለሁ?

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ብዙ ላብና የጡንቻ መኮማተር ካለ ሰውየው ጥላ ውስጥ አርፎ ቀስ እያለ ይጠጣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው እርዳታ ይፈልጋል።

ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ካልተያያዘ፣ ከተወላገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጊዜ የለም። ይህ ሂት ስትሮክ ነው፤ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪን ሲያልፍ የሚመጣ። ወዲያው የአካባቢያችሁን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ደውሉ። አምቡላንሱ እስኪመጣም ቆማችሁ አትጠብቁ። ልብሱን አውልቁለት፤ ባገኛችሁት ቀዝቃዛ ውኃ አርሱት፤ አራግቡለት፤ አንገቱና ብብቱ ሥር በረዶ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ላብ መኖሩ አያዘናጋችሁ፤ በሥራ ወይም በስፖርት ላይ የወደቀ ሰው እያላበውም ሂት ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን እንዳይቋቋም ያደርጋሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ።

ልጁ መኪና ውስጥ ተኝቷል። ለአምስት ደቂቃ ብገባ ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ብቻ እስከ 11 ዲግሪ ይሞቃል። ውጪው 21 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ውስጡ በአንድ ሰዓት 40ን ያልፋል። መስኮቱን ትንሽ መክፈት ብዙም አይለውጠውም። ቀስቅሳችሁ ይዛችሁት ግቡ።

ሐይቅ ወይም ወንዝ ገብተን ብንቀዘቅዝስ?

አየሩ በጋ ሆነ እንጂ ውኃው ገና ከብርዱ ወራት አልወጣም። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ከቁጥጥር ይወጣል። ጎበዝ ዋናተኛ የሚሰምጠው በዚህ የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። በረዶ ከሚቀልጥበት ተራራ የሚመጣ ወንዝ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ሞልቶና ፈጥኖ ይፈሳል። መግባት ካለባችሁ ሕይወት አድን ባለበት፣ ቀስ በቀስ፣ ከዳር ግቡ። ድንገት ከወደቃችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና ትንፋሻችሁ እስኪመለስ አትታገሉ።

ሞቅ ብሏልና ችግኞቼን ላውጣ?

ቆዩ። ለተክል የሙቀት ሳምንት የውሸት ግብዣ ነው። በማርች 2012 በሰሜን አሜሪካ ያለ ጊዜው የመጣው ሙቀት የሚሺጋንን የፍራፍሬ ዛፎች አስቀድሞ አሳበባቸው። ኤፕሪል ላይ ውርጩ ተመለሰ፤ የዓመቱ የፖምና የቼሪ ምርት አብዛኛው ጠፋ። ፈረንሳይም በ2021 እንዲሁ ሆነባት። በማርች መጨረሻ ከወትሮው በጣም ሞቀ፤ ሳምንት ሳይሞላ የመጣ ውርጭ የወይን እርሻውን አቃጠለው። የአካባቢያችሁ የመጨረሻ ውርጭ በተለምዶ መቼ እንደሆነ ጠይቁና እሱን ጠብቁ። ያለፈው ዓመት ደረቅ ሣርም ገና አልለመለመምና እሳት ስታነዱ ተጠንቀቁ።

ይሄ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

የአንዱን ሳምንት ግፊት የሚያመጣው የአየሩ የዘወትር እንቅስቃሴ ነው። ያ ግፊት የሚያሞቀው አየር ግን ከድሮው የሞቀ ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በስድስተኛ ዙር ሪፖርቱ እንዳለው፣ ድሮ በ10 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረ ከባድ ሙቀት አሁን በዚያው 10 ዓመት ውስጥ 2.8 ጊዜ ያህል ይመጣል። የፀደይ ምሳሌዎችም አሉ። የ2022 ማርች ህንድ መዝገብ መያዝ ከጀመረችበት ከ1901 ወዲህ እጅግ ሞቃቱ ማርች ነበር። ስንዴው ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ስለመታው አገሪቱ ሜይ ላይ ስንዴ ወደ ውጪ መላክ ከለከለች። በኤፕሪል 2023 ደግሞ የስፔኗ ኮርዶባ 38.8 ዲግሪ ደረሰች። ለዋናው የስፔን ምድር የኤፕሪል ሪከርድ ነው።

ፀደዩ እንዲህ ከሆነ በጋው ሊያቃጥለን ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። የጄት ስትሪም ጥምዝምዝ ቦታውን ይቀይራል፤ ሞቃት ኤፕሪልን ቀዝቃዛ ጁን ሊከተለው ይችላል። የሚያያይዛቸው ክር አፈሩ ነው። ሙቀቱ የፀደዩን እርጥበት ጠጥቶት ከሄደና ዝናቡ ካልተካው፣ በጋው ላይ የሚመጣ ከፍተኛ ግፊት ደረቅ መሬት ያገኛል። ያኔ ቁጥሩ ከተለመደው በላይ ይወጣል። ስለዚህ ይህ ሳምንት ካለፈ በኋላ እኔ መጀመሪያ የምከፍተው የሙቀቱን ሳይሆን የቀጣዮቹን አራት ሳምንታት የዝናብ ትንበያ ነው።